ብሥራቱ አስቀድሞ ለአረጋዊ ነበር



የልደትን ታሪክ ስናስብ ዓይነ ልቡናችን ዘወትር የሚያርፈው በግርግም በተኛው ሕፃን፣ በእናቱ በእመቤታችን በድንግል ማርያም፣ በእረኞችና በሰብአ ሰገል ላይ ነው። እንዲህ መሆኑም የተገባ ነው። ሆኖም ወንጌላዊው ሉቃስ ትረካውን የጀመረው ከቤተ ልሔም አይደለም። የጀመረው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ውስጥ ዕጣን ሲያጥን ከነበረ፣ ዕድሜው ከገፋ ካህን ነው። ዘካርያስና ሚስቱ ኤልሳቤጥ ሁለቱም በዕድሜ ገፍተው ነበር፤ ልጅ የማግኘት ተስፋቸውም እንደ ሰው አሳብ ያለፈበት ነበር። ሕፃኑ ጌታ በተወለደ በ40ኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜም በዚያ ተገኝተው የተቀበሉት ሁለት አረጋውያን ናቸው፤ ስምዖንና ነቢይቱ ሐና። እንግዲህ የልደት ታሪክ በአረጋውያን ተከፍቶ በአረጋውያን የታጀበ ታሪክ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በዚህ የበዓል ገጻችን ስለ እነዚህ አረጋውያን፣ እነርሱንም ምክንያት አድርገን በየቤታችንና በየደብሩ ስላሉት አባቶችና እናቶች ጽሞና ጥቂት ልንል ወደድን። ሰው ሲያረጅ ምን ይዞ ያረጃል? ጉልበት ሲደክም፣ ሥራ ሲቀር፣ የዕድሜ እኩዮች አንድ በአንድ ሲለዩ፣ ቀኑን የሚሞላውና ልብን የሚያጸናው ምንድን ነው? ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ቁጥር 1 ቢሊዮን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2050 ደግሞ 2.1 ቢሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያሉትን ዓመታት የጤናማ እርጅና አሥር ዓመት ብሎ ሰይሟቸዋል። በአገራችንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ የሕይወት ዘመን ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ የሚለው የአባቶቻችን ምርቃት በብዙ ቤት እየሠመረ ነው ማለት ነው። የሚቀረው ጥያቄ ያ የተጨመረው ዕድሜ እንዴት ይኖራል የሚለው ነው።

ሊቀ መላእክቱና ሦስቱ አረጋውያን

ወደ ዘካርያስ የተላከው መልአክ ቅዱስ ገብርኤል ነበር። ወደ ናዝሬት፣ ወደ ድንግል ማርያም ከመላኩ ስድስት ወር አስቀድሞ የተላከው ወደ ሽማግሌው ካህን ነው። ከዚያም በፊት በባቢሎን ምርኮ ዘመን፣ ነቢዩ ዳንኤል በዕድሜው ማምሻ ስለ ሕዝቡ ኃጢአት እየጾመና እየጸለየ ሳለ፣ በሠርክ መሥዋዕት ሰዓት ወደ እርሱ መጥቶ ማስተዋልን የሰጠው ይኸው መልአክ እንደ ሆነ መጽሐፍ ይነግረናል። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር። ይህን ልማዱን በወጣትነቱ ይዞ በሽምግልናው አልተወውም፤ ወደ አንበሶች ጉድጓድ ያስጣለውም እርሱ ነው።

ዘካርያስ የመልአኩን ቃል ለማመን ስለ ዘገየ ልጁ ዮሐንስ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ድረስ አንደበቱ ተዘጋ። ዝምታው ተግሣጽ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ዝምታ በኋላ አፉ በተከፈተ ጊዜ የወጣው ቃል ምስጋና እንጂ ምሬት አልነበረም። ወራቱን ሙሉ በውስጡ ያብሰለሰለው ነገር ፍሬ አፍርቶ ተገኘ። ሰው በእርጅናው ብዙ ነገር ሳይወድ በግድ ይዘጋበታል፤ ጆሮው ይከብዳል፣ እግሩ ይዝላል፣ ቃሉን የሚሰማው ሰው ይቀንሳል። ዘካርያስ የሚያስተምረን እንዲህ ያለው የተጫነ ዝምታ እንኳ ወደ ጽሞና ሊለወጥ እንደሚችል ነው።

ስምዖን በበኩሉ የትዕግሥት አረጋዊ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መጻሕፍተ ብሉያትን ወደ ግሪክ ቋንቋ ከተረጎሙት ሊቃናት አንዱ እንደ ነበረ፣ የተስፋውን ቃል ፍጻሜ ሳያይ እንዳይሞት ተነግሮት እጅግ ረጅም ዘመን እንደ ኖረ፣ ሕፃኑን በታቀፈ ጊዜም የፈዘዘው ዓይኑ እንደ በራ ይነገራል። መታሰቢያው የካቲት 8 ቀን ይከበራል። ታኅሣሥ 29 ብሎ ለሚቆጥር ሰው ዕለቱ 40ኛው ቀን ነው። ሐና ደግሞ ከባልዋ ጋር 7 ዓመት ብቻ ኖራ መበለት የሆነች፣ ወንጌላዊው 84 የሚለውን ቁጥር ከስሟ ጋር ያነሣላት እናት ናት። ከቤተ መቅደስ ሳትለይ ሌትና ቀን በጾምና በጸሎት ታገለግል ነበር። ሕፃኑን ካየች በኋላ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ተስፋ ለሚያደርጉት ሁሉ ስለ እርሱ ትናገር ጀመር። ጸሎቷ ከሰው አልለያትም፤ ወደ ሰው መለሳት እንጂ።

በጎፋ ገብርኤል ደጅ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጎፋ ሰፈር ስሙ ከሊቀ መላእክቱ ስም ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ሰፈሩን ረግጦ የማያውቅ እንግዳ እንኳ «ጎፋ ገብርኤል» የሚለውን ጥሪ ከታክሲ ረዳቶች አፍ ሰምቶ ያውቃል። ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶነ እሳት የወጡበት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ጋን የዳኑበት መታሰቢያ ሲከበር ወደ ደብሩ የሚያመሩት መንገዶች ነጭ በለበሰ ምእመን ይሞላሉ።

ነገር ግን የአረጋውያኑን ጽሞና ለማየት የሚሻ ሰው ሕዝብ በሚጨናነቅበት ዕለት ሳይሆን በአዘቦት ቀን፣ ኪዳን በሚደርስበት የማለዳ ሰዓት ቢሄድ ይሻለዋል። ያን ጊዜ በቅጽሩ ውስጥ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ እናቶችና መቋሚያ የተደገፉ አባቶች በየቦታቸው ይታያሉ። አንዱ ዳዊቱን ዘርግቶ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አንዷ መቁጠሪያዋን በጣቶቿ መካከል ታሳልፋለች። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ቆሟል። ማንም ማንንም አያናግርም፤ ግን ማንም ብቻውን አይደለም። ጸሎቱ ሲያበቃ ደግሞ ያ ዝምታ ይፈታል። የታመመ ይጠየቃል፣ ያልመጣ ሰው ለምን እንደ ቀረ ይወራል፣ የሰንበቴ ተራ የማን እንደ ሆነ ይታወሳል።

ይህ ትእይንት ቀላል ይመስላል። በውስጡ ግን አረጋዊን የሚያቆሙ አራት ነገሮች አሉ፤ ቀኑ ሥርዓት አለው፣ ሰውነት ይንቀሳቀሳል፣ አእምሮ በአንድ ነገር ላይ ይሰበሰባል፣ ሰው ከሰው ጋር ይገናኛል።

የቀኑን ሥርዓት እንመልከት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ለዓመታት የሚነሣበትንና የሚተኛበትን ሰዓት የወሰነለት ሥራ በአንድ ቀን ይቀራል። ብዙዎች ጤናቸው ሲታወክ የሚያዩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍላ አስቀምጣለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱንም በሙሉ የሚጠብቁ ጥቂቶች ቢሆኑ እንኳ፣ ሁለቱን ወይም ሦስቱን የያዘ አረጋዊ ቀኑ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ውዳሴ ማርያምም ለሳምንቱ ሰባት ዕለታት የተከፈለ ነው። የዳዊት 150 መዝሙር በአሥር በአሥር ተመድቦ አንዱ ምድብ «ንጉሥ» ይባላል፤ አንድ ንጉሥ ደገምሁ የሚሉት አባቶች የዕለት ሥራቸውን እንደ ሠሩ ሰው ረክተው ይነሣሉ።

ሌሊቱም እንዲሁ ነው። ሰው ሲያረጅ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ማልዶ ይነቃል። ይህ በአብዛኛው በሽታ ሳይሆን የዕድሜ ጠባይ ነው። በሌሊት ነቅቶ ያለፈውን በደልና የሚመጣውን ሞት እያሰላሰለ የሚጨነቅ አረጋዊ ግን ሌሊቱ ይረዝምበታል። አባቶቻችን ያንን ሰዓት ለሰዓታትና ለማኅሌት ሰጡት፤ እንቅልፍ የከዳውን ሰው ሌሊት ለምስጋና አዋሉት።

ተመስጦ በእኛ ዘንድ

በዛሬው ዘመን «ሜዲቴሽን» የሚለው ቃል በከተማችንም እየተለመደ መጥቷል። ብዙዎችም ነገሩ ከሩቅ ምሥራቅ ብቻ የመጣ ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ለዚህ ነገር ስም ያጣችበት ዘመን የለም። ሐሳብን ሰብስቦ ጸጥ ማለት ጽሞና ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት አንደበትን ገትቶ መቆም አርምሞ ነው፤ ልቡና ከሚታየው ዓለም ተነጥቆ በምስጋና ውስጥ መዋጥ ተመስጦ ነው፤ ለተወሰነ ቀን ከሰው ተለይቶ በጾምና በጸሎት መቆየት ሱባኤ ነው።

የተመስጦን ነገር ለልጆቻችን የምናስተምርበት ታሪክ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ ማኅሌታዊው ያሬድ በንጉሡ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ሳያውቀው የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለ፣ ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ ሕመሙ እንዳልተሰማው ይነገራል። ዘማሪውም ሰሚውም በአንድ ተመስጦ ውስጥ ነበሩ።

ከዚህ ከፍ ያለ ደረጃ መድረስ የሁሉም ዕጣ አይደለም። በጎፋ ቅጽር ውስጥ የተቀመጠችው እናት የያዘችው መቁጠሪያ ግን ለሁሉም የተሰጠ መሰላል ነው። 41 ፍሬ ያለው የጌታን ግርፋት፣ 64 ፍሬ ያለው የእመቤታችንን ዕድሜ እንደሚያስታውስ ይነገራል። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ በፍሬዎቹ እየታገዘች አንዱን የእግዚኦታ ጸሎት ደጋግማ ታደርሳለች። ጣት ይቆጥራል፣ ከንፈር ይናገራል፣ ትንፋሽ ከቃሉ ጋር ይወጣል ይገባል፣ ሐሳብም ቀስ በቀስ ከመባዘን ይመለሳል።

የዘመኑ ምርምር ምን ይላል?

የሕክምና ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ነገር መመርመር ከጀመሩ ቆይተዋል። በአሜሪካ የሃርቫርድ የልብ ሐኪም የነበሩት ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አንድን ቃል ወይም ጸሎት መደጋገም የልብ ምትንና አተነፋፈስን እንደሚያረጋጋ አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኢጣሊያ የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ሉቺያኖ በርናርዲና ጓደኞቻቸው 23 ጤናማ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሰዎቹ በመቁጠሪያ የሚደረሰውን የእመቤታችንን ሰላምታ በላቲን ቋንቋ ሲደግሙ አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ያህል ዝቅ አለ። የዐዋቂ ሰው የዕረፍት አተነፋፈስ በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው። በዚህ ዝግተኛ ትንፋሽ ጊዜ የደም ግፊትን የሚቆጣጠረው የሰውነት ሥርዓት ይበልጥ ንቁ ሆኖ ተገኘ። ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ የጸሎቱ ሐረግ ርዝመት ትንፋሽን ይለካዋል። በዜማ ወይም በቁጥር የሚጸልይ ሰው ሳያውቀው ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል።

በዚያው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ዴቪድ ስኖውደን የተባሉ ተመራማሪ 678 የካቶሊክ ደናግል መነኮሳይያትን እስከ ዕለተ ሞታቸው መከታተል ጀመሩ። መነኮሳይያቱ ገና በወጣትነታቸው ወደ ገዳም ሲገቡ የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ጽሑፎቹ ሲመረመሩ፣ ምስጋናና ደስታ የበዛባቸውን ቃላት የጻፉት ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረው ተገኙ። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው ሲታይ የመርሳት በሽታ ምልክት የበዛበት ሆኖ ሳለ፣ በሕይወት በነበሩ ጊዜ ግን አስተውሎታቸው ያልተናጋ መነኮሳይያት መገኘታቸው ነው። ይህ ጥናት ጸሎት ዕድሜ ያረዝማል ብሎ አይደመድምም፤ መነኮሳይያቱ የሚመገቡትም፣ የሚኖሩበትም፣ የሚረዳዱበትም ሥርዓት አንድ ላይ የሚታይ ነውና።

የቅርቡን ምርምር ደግሞ በቅንነት መናገር ይገባናል። በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸው ከ130 የሚበልጡ ጤናማ አረጋውያን በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል ለ18 ወራት የተመስጦ ልምምድ፣ ሌላው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ሲከታተሉ፣ ሦስተኛው እንደ ወትሮው እንዲኖር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ልምምዱ በተመረጡት የአንጎል ክፍሎች መጠንና የደም ዝውውር ላይ የጎላ ለውጥ አላመጣም። የተለማመዱት አረጋውያን ግን ሐሳባቸውን በመሰብሰብ፣ ለሌላው በመራራትና ራሳቸውን በማወቅ ረገድ ቋንቋ ከተማሩት ይልቅ ተሽለው ተገኙ። አንጎል ማርጀቱን አልተወም፤ ሰውየው ግን በእርጅናው ውስጥ የሚኖርበት መንገድ ተለወጠ።

ለእኛ ለምእመናን ይህ ውጤት የሚያስከፋ ሳይሆን የሚያስተምር ነው። ሐና በጸሎቷ ምክንያት ከማርጀት አልዳነችም፤ ያረጀችው ግን ተስፋዋን ይዛ ነው። የምንጸልየው የደም ግፊታችን እንዲወርድ አይደለም። ለምስጋና የቆመ ሰው ሰውነቱም በዚያው ቢያርፍ ግን የፈጣሪው ቸርነት ነው።

ጽሞና መድኃኒትን አይከለክልም

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ለአንባቢያችን ታማኞች አንሆንም። ጸሎት ይበቃኛል በማለት የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ መድኃኒታቸውን በገዛ እጃቸው የሚያቋርጡ አረጋውያን አሉ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ የሚጎዳ በሽታ ነውና፣ ደኅና ነኝ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ድንገተኛ ሽባነትን ሊያስከትል ይችላል። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል። ጸበሉም ይጠጣ፣ መድኃኒቱም ይዋጥ።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ኅዳር 15 ቀን የገባው የነቢያት ጾም በልደት ተፈጽሟል። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ረጅም ሰዓት ሳይመገቡ ሲቆዩ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ ወርዶ ራስን እስከ መሳት ሊያደርሳቸው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማንና ለደካሞች የምትራራ እናት ናትና፣ እንዲህ ያለው ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከር ይገባዋል። በበዓሉ ቀንም ከረጅም ጾም በኋላ ዶሮውን፣ ሥጋውንና ቅቤውን በአንድ ጊዜ ማብዛት ለአረጋዊ ሆድም ለልብም ይከብዳል፤ በጥቂቱ መጀመር መልካም ነው።

ስግደትም ጉልበትንና ወገብን የሚያበረታ እንቅስቃሴ ነው። ነገር ግን በአረጋዊ ሰው ከተጎነበሱበት ድንገት ሲነሡ የደም ግፊት ሊወርድና ዓይን ሊጨልም ይችላል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ። በእርጅና ዘመን የሚደርስ የዳሌ ስብራት ብዙዎችን ከአልጋ አውሏል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ግድግዳ ወይም መቋሚያ መያዝ፣ የማይችል ሰውም ተቀምጦ መጸለይ ነውር የለበትም። መቋሚያውን የሠሩት አባቶቻችን ረጅሙ ማኅሌት ለደካማ አካል ድጋፍ እንደሚያሻው አውቀው ነው።

ስለ ዓይንም አንድ ነገር እንጨምር። ዳዊቴ አልታይህ አለኝ ብለው መጽሐፋቸውን የሚዘጉ ብዙ አባቶች አሉ፤ ልጆችም እርጅና ነው ብለው ያልፉታል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የተከሠተው በዓይን ሞራ ምክንያት ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው። ሕክምናው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በሌሎችም የዓይን ሕክምና ክፍሎች ይሰጣል። የስምዖን ዓይን የበራው በተአምር ነው፤ የአባታችን ዓይን ግን ምናልባት የሚያሻው አንድ ልጅ እጁን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው ብቻ ነው።

በራፉን ማን ያንኳኳል?

ጎፋ የድሮው ጎፋ አይደለም። በአካባቢው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ጎረቤት ተቀይሯል፤ በአንድ አጥር ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ልዩ ልዩ የከተማዋ ጥግ ተበትነዋል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት የደወሉን ድምፅ ይሰማሉ፤ ደረጃውን ግን መውረድ አይችሉም። ልጆቻቸው አንዱ በውጭ አገር፣ አንዱ በሥራ ላይ ነው። እናታችን በጸሎት ላይ ናቸው፣ አንረብሻቸው ይባላል። ይህ አነጋገር አክብሮት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን መረሳትን የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የሊቃውንት ጉባኤ ሪፖርት፣ የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች መካከል ከሰው መገለልን፣ ድብርትን፣ የመስማትና የማየት ችግርን፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ቆጥሯል። በእነዚህ 14 ምክንያቶች ላይ ቢሠራ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን የበሽታውን መከሠት መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቤተሰብ እጅ ያሉ ናቸው።

ጽሞናና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። ጽሞና ሰው ወዶ የሚገባበትና ደስ ብሎት የሚወጣበት ቤት ነው። ብቸኝነት ግን በሩ ከውጭ የተዘጋ ክፍል ነው። ሐና ሌትና ቀን ስትጸልይ የኖረችው ሕዝብ በሚመላለስበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ዘካርያስ በዕጣኑ መሠዊያ ፊት ብቻውን በቆመ ጊዜም ሕዝቡ በውጭ ሆኖ አብሮት ይጸልይ ነበር። የአረጋዊ ጸሎት የሚጸናው በዙሪያው ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል ለእናትና ለአባት ነጠላና ጋቢ ይዘን ስንሄድ፣ ከእርሱ ጋር ሌላ ነገር እንጨምር። ከኪዳን በፊት ደረጃውን ደግፎ የሚያወርድ ክንድ፣ ከዐቅመ ደካማ ጎረቤት ጋር በየሳምንቱ አንድ ንጉሥ ዳዊት የሚደግም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት፣ የቀረ አረጋዊ ለምን እንደ ቀረ የሚጠይቅ የዕድርና የሰንበቴ ዳኛ፤ እነዚህ ብዙ ገንዘብ አያስወጡም። ጡረታ የወጣውና ጸሎት እንግዳ የሆነበት አባትም በትንሹ ሊጀምር ይችላል። አንድ ቋሚ ሰዓት፣ አንድ ቋሚ ቦታ፣ ከዳዊት አንድ መዝሙር፣ ሳይቸኩሉ፣ ትንፋሽን ከቃሉ ጋር እያስማሙ፣ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ በአርምሞ መቀመጥ። የቀረውን የንስሐ አባት ያስተምራል፤ ልማዱም ራሱ ያድጋል።

ሊቀ መላእክቱ ቅዱስ ገብርኤል ታላቁን ብሥራት ሊያደርስ ሲወርድ መጀመሪያ የረገጠው የሽማግሌውን የጸሎት ስፍራ ነው። እኛም ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ወደ ድግሱ ቤት ከመግባታችን በፊት፣ በሰፈራችን በራፉ ያልተንኳኳ አረጋዊ እንዳለ እንጠይቅ። ጸሎታቸውን አብረን እንስማ፤ ምርቃታቸውንም እንቀበል።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልን።